ሱፍ ያልለበሰው ድንኳን

ቡሩልቻ ስትወለድ አባቷ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ ይባላል። ሦስተኛ ሴት ልጅ ነበረች። ስሟም በአገሩ ቋንቋ «ዙሪ» እንደማለት ነው፤ ከሷ በኋላ ዕጣው ዞሮ ወንድ ይምጣ ተብሎ። ወንድም አልመጣ፣ ሴትም አልመጣች። እሷ ግን ስሟን ቃል በቃል ወሰደችውና ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሱክ ቡላክ መንደርን ቤት ለቤት ስትዞር ኖረች። መጀመሪያ በፈረስ፣ ኋላ በእግሯ። ፈረሱን ደመወዝ በጠፋበት ዘመን በልተውታል። የመንግሥት ፈረስ ነበር። «መንግሥት እኛን ከሚበላን እኛ እሱን ብንበላው ይሻላል» አለች እናቷ ያን ጊዜ፣ ሥጋው ላይ ጨው እየነሰነሰች።

ጤና ረዳት ናት። ሐኪም የሚባለው ሰው ያለው ሰባ ኪሎ ሜትር ርቆ ወረዳው ከተማ ነው፣ እሱም ሲገኝ። የሷ ጤና ኬላ አንዲት ክፍል ናት፤ አንድ የብረት ምድጃ፣ አንድ የሕፃናት ሚዛን፣ አንዲት የክትባት ሣጥን። በዚያች ክፍል የመንደሩን ግማሽ አዋልዳለች፣ ሁሉንም ወግታለች። ልጅ ሲያስቸግር እናቶች «ቡሩልቻ መጣችብህ!» ይላሉ። እነዚያው ልጆች አድገው፣ ጢም አብቅለው፣ መንገድ ላይ ሲያገኟት ዛሬም እጃቸው ሳያስቡት ወደ መቀመጫቸው ይሄዳል።

ሁለት መቶ ቤት ከወረርሽኝ ጠብቂ የተባለችው እንግዲህ ይቺ ሴት ናት።

በመጋቢት የአዲሱ የሳንባ ቫይረስ ወሬ ሲደርስ ወረዳው የላከላትን ልንገራችሁ። አንድ ነጭ የመከላከያ ልብስ። ሃምሳ ማስክ ያለባት ካርቶን። «እጅ ይታጠቡ» የሚል ሥዕል። እና ግንባር ላይ አነጣጥረው ሲጫኑት የሰውነት ሙቀት የሚያሳይ ሽጉጥ መሳይ መለኪያ። አንድ ልብስ! አንድ ጊዜ ተለብሶ የሚጣል! የላከው ሰውዬ ወረቀቱ ላይ «ተሟልቶ ተልኳል» ብሎ ነው የፈረመው። የቀረውን ትምህርት ከስልኳ ነው ያገኘችው። ኔትወርክ የሚይዘው ከመንደሩ በላይ ካለው የመቃብር ኮረብታ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ከሰዓት በኋላ እየወጣች ሙታን መሃል ተቀምጣ ስለ በሽታው ታነብ ነበር።

መንገዱ ተዘጋ። ቡሩልቻ ከወንዶቹ ጋር መንገዱ ላይ በተጣለው ኬላ ቆማ የወጣ የገባውን ሁሉ ግንባር ግንባሩን «ተኮሰች»። መንደርተኛው መለኪያውን «ሽጉጡ» ብሎ ሰየመው። ሚያዝያ አለፈ፣ ግንቦትም አለፈ፣ ሱክ ቡላክ ውስጥ አንድ ሰው አልታመመም። ሰው ሁሉ ሽጉጡን አመሰገነ።

ያዳናቸው የተዘጋው መንገድ ነበር። ሽጉጡ አንድም ነገር አላደረገም። ግን መንገድ ሲዘጋ ምን ይታያል? ባዶ አቧራ። ሽጉጥ ግን ቀይ መብራት ያበራል፣ ጢጥ ይላል፣ ቁጥር ይናገራል። ሰው ጢጥ የሚለውን ያምናል። ቡሩልቻም ይህን እያየች አላረመቻቸውም። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ስትሰደብ ኖራ ለመጀመሪያ ጊዜ «እድሜ ለቡሩልቻ» ሲባል ሰማቻ!

*

መንገዱ ተከፈተ። በሰኔ መጨረሻ ሽማግሌው ሻምቤት ሞተ።

ልጁ ቱሩስቤክ ዋናው ከተማ ታክሲ ይነዳል። ለሦስት ወር ያላየውን አባቱን ሊጠይቅ መጥቶ ሰነበተ። እሱ በመጣ በአምስተኛው ቀን ሻምቤት ማሳል ጀመረ። ቡሩልቻ «ሆስፒታል ውሰዱት» አለች፤ ወሰዱት፤ ሆስፒታሉ ከአፍንጫው ናሙና ወስዶ፣ አልጋ የለንም ብሎ፣ መለሰው። ማሳል በጀመረ በዘጠነኛው ቀን ሞተ። ወረቀቱ «የሳንባ ምች» ይላል።

ቡሩልቻ ስትደርስ ወንዶቹ ግቢው ውስጥ የለቅሶውን ድንኳን እየተከሉ ነበር። የእንጨቱ አጥር በክብ ተዘርግቷል፣ የጣሪያው ዘንጎች ተሰክተዋል፣ ከበላዩ ተረግጦ የተሠራውን ወፍራም የሱፍ ክዳን እያለበሱ ነው።

«ይሄ ለማን ነው?» አለች፣ እንደማታውቅ።

«ኤጄ ቡሩልቻ» አለ ቱሩስቤክ፤ በነሱ ዘንድ ታላቅ እህት የምትጠራው እንዲህ ነው። ዓይኑ ቀልቷል። «እባክዎ ዛሬ እንዳይጀምሩኝ። ወረቀቱን ያንብቡት። ምርመራውም የለበትም ብሏል።»

«ምርመራው ብዙ ይላል። አባትህ ሳል ነበረው?»

«ነበረው።»

«ትንፋሽ አጥሮት ነበር?»

«ሽማግሌ ነው፣ ያጥረዋል።»

«አንተስ? ከከተማ ስትመጣ ሽታ ጠፍቶብህ አልነበረም? ሽንኩርት እንደ ፖም ገምጦ በላ ብላ እናትህ እየሳቀች ነግራኛለች።»

ቱሩስቤክ አቀረቀረ። የያዘውን ገመድ ትኩር ብሎ አየ። ያ ማቀርቀሩ ሁሉን ነገራት፤ እሱም እንዳወቀ ገባት። ይህንን ጥያቄ ሰው ፊት በመጠየቋ ኋላ አዝናለች። ልጁን አባትህን ገደልከው ማለት ነበራ። ከዚያ በኋላ ያ ሰው ወረቀቱን ከማመን ሌላ ምን መሸሸጊያ ይኖረዋል?

«አባቴን እንደ ውሻ ጎትቼ ልቅበረው?» አለ በመጨረሻ።

አንድ በትር የተደገፉ ሽማግሌ ጣልቃ ገቡ። «ቡሩልቻ፣ የኔ ልጅ፣ እኔ ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው። ዛሬ ከሻምቤት ለቅሶ ብቀር ነገ ለኔ ማን ይመጣል? አንቺ ብቻ ነሽ የምትመጪው፣ እሱም መርፌ ይዘሽ።»

ወንዶቹ ሳቁ። ለቅሶ ቤት ሳቅ ነውር ነው፤ ግን ሳቁ።

«ስሚኝ» አሉ ሽማግሌው። «ሽጉጥሽን ያዢና በሩ ላይ ቁሚ። ትኩሳት ያለውን መልሺ፣ የሌለውን አስገቢ። በመጋቢት ጠብቆን የለ?»

«አዎ! ኤጄ ይቁሙልን!» አለ ሌላው። «እርስዎ ካሉ ማን ይነካናል?»

ትኩሳት የሌለውም ሰው ያስተላልፋል፤ አንብባዋለች። መቃብር ላይ ተቀምጣ ሁለቴ ሦስቴ አንብባዋለች። አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ሁሉም በተስፋ ያያት ነበር፤ ቱሩስቤክም ሳይቀር። እኔ ብከለክል ያለኔ ያደርጉታል፣ እዚያ ብሆን ግማሹን እንኳ አድናለሁ ብላ አሰበች። እንዲህ ብሎ ያላሰበ የሕዝብ አገልጋይ አለ? «እሺ» አለች። «እጅ መታጠቢያ በበረኪና ታደርጋላችሁ። ለለቅሶተኛው የሚቀዳው የባዝራ ወተት በአንድ ጣባ አይዞርም፤ ሁሉም በየኩባያው።»

«እሺ፣ እሺ፣ በየኩባያው!» አሉ፣ ክዳኑን እየጎተቱ።

*

ቤት ስትደርስ እናቷ የልብስ ሣጥኑን ገልብጣ ትበረብራለች።

ባትማ ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው። በሦስቱም ሸለቆ የሷን ያህል ሙሾ አውራጅ አልነበረም። በአገሩ ወግ ሟቹ ለሁለትና ሦስት ቀን ድንኳኑ ውስጥ ይሰነብታል፣ ከየአቅጣጫው ዘመድ እስኪሰበሰብ። ሴቶቹ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ ጉልበት ለጉልበት ተጠጋግተው ያወርዳሉ። ባትማ የሌለችበት ለቅሶ ጨው የሌለው ወጥ ነው ይባል ነበር።

«ጥቁሩን ሻሽ የት አደረግሽው?» አለች።

«ደብቄዋለሁ።»

«አውጪው።»

«አፓ፣ አትሄጂም» አለች ቡሩልቻ፤ በነሱ ዘንድ እናትም አሮጊትም የምትጠራው እንዲህ ነው።

«እስቲ ድገሚው፣ ጆሮዬ ሳይደፈን አልቀረም።»

«ስኳር አለብሽ። ልብሽ እንደ አሮጌ ትራክተር እየተገፋ ነው የሚነሣው። ይሄ በሽታ የሚፈልገው እንዳንቺ ያለውን ነው።»

«እንኳን ፈለገኝ። ከአባትሽ ወዲህ የፈለገኝ የለም።»

«አልቀለድኩም።»

«እኔስ ቀልጃለሁ?» ባትማ ሣጥኑ ላይ ተቀመጠች። «አባትሽን በረዶ ሲቀብረው ሌላው ሁሉ ይቅለጥና እናወጣዋለን አለ። ተራራ ወጥቶ፣ በፈረሱ ጭኖ፣ ያመጣልኝ ማን ነው? ሻምቤት ሁለት ጣቱን ብርድ በልቶት ነው የተመለሰው። እኔ ለዚህ ሰውዬ ምን አለኝ? ፈረስ የለኝ። ድምፄ ነው ያለኝ።»

 ቡሩልቻ አባቷ በዚያ ፈረስ ላይ ታጥፎ ሲመጣ አይታዋለች።

«እንግዲያው ማስክ አድርጊ።»

«ማስክ አድርጌ ላልቅስ? ሻምቤት እኮ ‹የማን ላም ናት እምቧ የምትለው› ይላል።» ግንባሯን አቀረበች። «ተኩሺ።»

«አፓ...»

«ተኩሺ አልኩሽ።»

ጢጥ አለ። ሠላሳ ስድስት ነጥብ አራት።

«አየሽ? ጤነኛ ነኝ።»

«አንቺማ ጤነኛ ነሽ። አጠገብሽ የሚቀመጡትስ?»

«እነሱንም ተኩሻቸው። በሩ ላይ ልትቆሚ አይደለም እንዴ? ወሬው ካንቺ ቀድሞ ደረሰ።»

ቡሩልቻ በገዛ እሺታዋ ታሰረች። ሻሹን ከዱቄት ጆንያው ጀርባ አወጣችና ሰጠቻት። «በሩ አጠገብ ትቀመጫለሽ። ነፋስ የሚገባበት።»

«በሩ አጠገብ» አለች ባትማ፣ ሻሹን እያራገፈች።

*

ቡሩልቻ ሁለት ቀን ሙሉ በሩ ላይ ቆመች። ለቅሶ ደራሹ በየግቢው ፊት ከሚወርደው የመስኖ ቦይ ማዶ ጀምሮ «ወንድሜ ኦይ! ጋሻዬ ኦይ!» እያለ እየጮኸ ይመጣል። በሩ ላይ ሲደርስ ጩኸቱን ያቆምና ግንባሩን ያቀርባል። ጢጥ። ያልፍና ጩኸቱን ካቆመበት ይቀጥላል። ከዚያም የቱሩስቤክ አንገት ላይ ይጠመጠማል፣ ከሱ አጠገብ ካለው አንገት ላይ፣ ከዚያም ከሚቀጥለው። ሦስት መቶ ያህል ግንባር ተኮሰች። የመለሰችው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ከሩቅ መንደር በፀሐይ ጋልቦ የመጣ ወፍራም ሰውዬ።

«ፀሐይ ነው እኮ ያጋለኝ! ፈረሱንም ለኪው፣ እሱም እንዲሁ ነው!»

ጥላ ሥር አስቀመጠችው፤ ቀዘቀዘ፤ ገባ። ሕዝቡ በዚህ ተደነቀ። አቤት ጥንቃቄ!

ድንኳኑ ውስጥ ከመጀመሪያውም የነበሩትን ግን ማንም አልለካቸውም። የሻምቤት ሚስት ኡልካን እዚያው ነበረች፣ ከሬሳው ራስጌ። ትንሽ ትንሽ ትስል ነበር። «ከለቅሶ ብዛት ነው» አሉ።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ መጣ። ወንዶቹ የጣሪያውን ጭስ ማውጫ ሸፈኑት፣ የበሩን ሱፍ ወደ ታች ለቀቁት። ከውስጥ የባትማ ድምፅ ይሰማል፦

ፈረስህ ቆሟል ወይ ልጓሙ ተፈቶ፣
በረዶ ሳይወርድ ባለቤቱን አጥቶ።

ሃያ ሴቶች ተቀበሏት። ቡሩልቻ እናቴ በሩ አጠገብ መሆኗን ልይ ብላ ሱፉን ገለጥ አደረገች። የሃያ ሴት ትንፋሽ እንደ ገንፎ እንፋሎት ፊቷን መታት። መነጽሯ ወዲያው ደመነ። ምንም አላየችም። ቆማ መነጽሯን በቀሚሷ ስትጠርግ ሁሉ ነገር ቁልጭ አለላት። በሽታው የሚኖረው እጅ ላይ አይደለም፣ ኩባያ ላይም አይደለም፤ ይሄ ነው፣ መነጽሬን የሸፈነው ይሄ ነው፤ አንዷ የተነፈሰችውን ሌላዋ ትስበዋለች፣ ያውም ጮክ ብላ እያዜመች፣ ከሳንባዋ ሥር እያወጣች። የሆነ አገር መዘምራን አብረው ዘምረው አብረው ታመሙ የሚል አንብባ ነበር። ያኔ የፈረንጅ ነገር መስሏት አለፈችው።

መነጽሯን ስታጠልቅ እናቷን አየች። በሩ አጠገብ አልነበረችም። ከኡልካን ጎን ተቀምጣለች፣ ትከሻ ለትከሻ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ አንገቷ ላይ ያለው ጅማት ተገትሮ።

«ውጡ!» ማለት ነበረባት። ክዳኑን ቅደዱት ማለት ነበረባት። ነገር ግን ሙሾ በስንኝ መካከል አይቋረጥም፤ የሞተውን ከመንገድ መመለስ ነው ይባላል። ስንኙ ይለቅና እላለሁ ብላ ጠበቀች። አንዱ ስንኝ ሲያልቅ ሌላው ተከተለ። ከኋላዋም አምስት ሰው ግንባሩን አቅርቦ ዝናብ ይመታዋል።

«ኤጄ፣ ይተኩሱን እንጂ፣ በሰበስን!»

ሱፉን ለቀቀችው። ወደ ሽጉጧ ተመለሰች።

*

ሻምቤት ከተቀበረ በስድስተኛው ቀን ጤና ኬላው በር ላይ ሰልፍ ነበር። ድንኳን ውስጥ የነበሩት ሴቶች መጀመሪያ፣ ከዚያ ባሎቻቸው። ቡሩልቻ ወደ ወረዳው ደወለች። «የሳንባ ምች ብለሽ መዝግቢ» አሏት። ኦክስጅን ጠየቀች፤ ይላካል ተባለ። አምቡላንስ ጠየቀች፤ ነዳጅ የለም ተባለ። ስልኩን የያዘው ሰው «እናንተም እኮ አበዛችሁት ለቅሶ» አለ። ይህን ሲናገር ሻይ እየጠጣ ነበር፤ ሲያማስል ማንኪያው ይሰማታል።

ኡልካን ቤት ስትገባ አሮጊቷ ከአልጋዋ ቀና ብላ ግንባሯን አቀረበች። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል።

«ተኩሺኝ፣ የኔ ልጅ። ዛሬ ገና አልተኮስሽኝም። ያን ቀንም ሌላውን ሁሉ ስትተኩሺ እኔን ረሳሽኝ፤ ለዚህ ነው የታመምኩት።»

መድኃኒት መስሏታል! ቡሩልቻ ተኮሰቻት። ምን ታድርግ? ጢጥ ሲል አሮጊቷ ተመስገን ብላ ተኛች።

ባትማም ታመመች፤ ሆስፒታል ለመሄድ ግን እምቢ አለች። «ሆስፒታል መተላለፊያ ላይ ልሞት? የማላውቀው ሰው ቡትስ አጠገብ?» ትንፋሽ እየቆረጣት በእያንዳንዱ ሁለት ቃል ታርፋለች። ጣቷ ላይ የተሰካው የጤና ኬላው የኦክስጅን መለኪያ ከዘጠና መውረድ ሳይገባው ሰማንያ አንድ ይላል፤ ቀጥሎ ሰባ ስድስት። ቡሩልቻ በደረቷ አስተኛቻት፣ መስኮቶቹን ሁሉ ከፈተች፣ ጀርባዋን ዳሰሰች። ከዚህ በላይ የምታውቀው አልነበረም።

«አፓ፣ ሱፉን ስገልጠው አይቼሽ ነበር። ያኔ ላወጣሽ እችል ነበር።»

«ብታወጪኝ... በጥፊ ነበር... የምልሽ።»

«ጥፊው ይሻለኝ ነበር።»

 ባትማ ድምፅ በሌለው ትንፋሽ፣ ያ ሦስት ሸለቆ የሚሞላ ድምፅ ጠፍቶ፣ «ድንኳን ሳይተከልልኝ እንዳታወጪኝ» አለች። «ደግሞ ሙሾ። ለሁሉም አውርጃለሁ።»

«ማን ያወርድልሻል? ሴቶቹ ሁሉ ተኝተዋል።»

«አንቺ።»

«እኔ ድምፅ የለኝም፣ አፓ።»

«አውቃለሁ» አለች ባትማ። ልትስቅም ሞከረች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሞተች።

*

ሰው መሰብሰብ ጀመረ። ታሞ ያልተኛው ሁሉ። ባትማ እኮ ናት የሞተችው! ማን ይቀራል? ሴቶቹ ከየቤታቸው የሱፍ ክዳን እያወጡ፣ ወንዶቹ የድንኳኑን እንጨት በጋሪ እየጫኑ መጡ። ቡሩልቻ በሩ ላይ ቆማ አየቻቸው። ከኋላዋ እናቷ ተዘርግታለች። ብትከለክላቸው፣ እናቷ የመጨረሻ ቃሏ ተበልቶ፣ እንደ ባዳ ልትወጣ ነው። ብትፈቅድላቸው፣ ያ እንፋሎት እንደገና።

«እንጨቱን ቦዩ ማዶ አውርዳችሁ ሂዱ» አለች። «ሱፉን መልሱት።»

«እንዴት፣ ድንኳኑ ያለ ሱፍ ሊቆም?» አለ አንዱ።

«ያለ ሱፍ።»

ማንም አልገባውም። ቱሩስቤክና አንድ ጎረቤት ብቻ ማስክ አድርገው እንዲያግዟት ፈቀደች። የእንጨቱን አጥር በክብ ዘረጉ፣ ዘንጎቹን ሰኩ፣ የጣሪያውን ቀለበት አቆሙ። እዚያ ላይ «በቃ» አለች። ድንኳኑ ራቁቱን ቆመ። በእንጨቱ ቀዳዳ ተራራው ወዲያ ማዶ ይታያል፤ ነፋሱ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ይወጣል።

ከመጋቢት ጀምሮ ያስቀመጠቻትን ያቺን አንዲት ነጭ ልብስ ለበሰች። በሷ ውስጥ ሆና እናቷን ብቻዋን አጠበች፣ ከፈነች፣ ራቁቱ ድንኳን ውስጥ አስተኛቻት። ከዚያ ነጩን ልብስ አውልቃ አቃጠለችው።

ቦዩ ማዶ ጉርምርምታው ተነሣ። እንድትሰማው ነው የሚባለው፣ ሰማችው።

«እናቷን አጽም ውስጥ አስተኛቻት!»

«ውሻ እንኳ ጣሪያ አለው።»

«የኛን ባሎች በሽጉጥ እያሳለፈች አስገደለች፤ ለናቷ ሲሆን አወቀችበት!»

ይቺኛዋ ትክክል ነበረች። ይሄኛው ቃል ነው የወጋት፤ ሌላው ስድብ ነው፣ ይሄ ግን እውነት ነው። 

አንድ የሩቅ ዘመድ «እህቴ ኦይ!» እያለ ቦዩን ዘሎ እጁን ዘርግቶ መጣ። ቡሩልቻ የእናቷን ምርኩዝ አንሥታ ደረቱ ላይ አነጣጠረችበት።

«እዚያው!»

«እብድ ነሽ? ለቅሶ ልደርስ ነው የመጣሁት!»

«ደርሰሃል። አይቼሃለሁ። ከማዶ አልቅስ።»

ሰውየው ምድር ላይ ተፋና ተመለሰ። ሌሎቹ ግን አልሄዱም። ቦዩን ይዘው፣ ተራርቀው አይደለም፣ ተራርቀው የቆሙት ጥቂቶች ናቸው፤ ግን ከወዲያ ቆሙ። ሁሉም ሙሾውን እየጠበቀ ነበር። የሙሾ አውራጇ ለቅሶ ነውና።

ቡሩልቻ ፊቷን ወደ እንጨቱ አዙራ ተቀመጠች።  የወጣው ድምፅ የበር ማጠፊያ ይመስላል፦

ለሰው አልቅሰሻል ትንፋሽሽ እስኪያልቅ፣
ላንቺ ምን ልበልሽ አፌ ሙሾ ሳያውቅ።

ከዚህ ወዲያ አልመጣላትም። ይህንኑ መልሳ አለችው፣ ደግማ አለችው፣ ነፋሱ ግማሹን እየወሰደባት። ከቦዩ ማዶ አንዲት ሴት እንኳ አልተቀበለቻትም። ይሳቅባት ይታዘንላት አላወቁም። አራት ወንዶች መጥተው ሬሳውን ሲያነሡ እሷ እዚያችው ስንኝ ላይ ነበረች።

*

በዚያ ሐምሌ ሱክ ቡላክ አሥራ አንድ ሰው ቀበረ። ወረቀቱ ላይ አንድም በቫይረሱ የሞተ የለም። ሁሉም ምች፣ ልብ፣ እርጅና። ለወረዳው መልካም ዓመት ነበር።

ኡልካን የሞተችው ባትማ በተቀበረች በሳምንቱ ነው። ቡሩልቻ ወሬውን ሰምታ ስትሄድ ግቢው ውስጥ ቱሩስቤክን ብቻውን አገኘችው። የድንኳኑን እንጨት ዘርግቶ ጨርሷል። ሱፉ ተጠቅልሎ የግቢው አጥር ላይ ተሰቅሏል።

«እንዲህ ነበር ያደረጉት?» አለ ሳያያት። «ልክ ነው?»

«ልክ ነው።»

«ሽንኩርቱን» አለ። «ሽንኩርቱን ስበላ... አውቄ ነበር፣ ኤጄ። ከተማ ሰው ሁሉ ያወራ ነበር።»

«እኔም አውቄ ነበር» አለችው። 

ሴቶቹ መጡ፤ የዳኑት፣ የገረጡት፣ በየምርኩዛቸው። ግቢው ውስጥ ተራርቀው ተቀመጡ። የሚያወርድላቸው አልነበረም። አንዷ ጀምራ ሳል አቋረጣት። ነፋሱ ባዶው እንጨት ውስጥ ፉጨት አወጣ፤ ለኡልካን ያን ቀን የተዜመላት እሱ ነው።

ከታችኛው መንደር አንዲት አሮጊት ዘግይታ መጣች፣ እየጮኸች። ቦዩ ላይ ስትደርስ ጩኸቷን አቋርጣ፣ ሻሿን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ፣ ግንባሯን ወደ ቡሩልቻ አቀረበች።

ቡሩልቻ ባዶ እጆቿን አሳየቻት።

«ሽጉጡ በሽታውን አያውቅም፣ አፓ። እዚያው ይቁሙ።»

አሮጊቷ አልገባትም። ዓይኗን ጨፍና፣ ግንባሯን እንደዘረጋች፣ ጢጥ እስኪል ትጠብቅ ነበር።